ብቻውን ያድናል፣ አብሮ ያድራል

(በሬዲዮ የተላለፈ ስብከት፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ)



ጠዋት ታክሲ ተራ ላይ ቆመህ ታውቃለህ? ረዳቱ በበሩ አንገቱን አውጥቶ «ቀራንዮ! ቀራንዮ! አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» ይላል። እኔ የቀራንዮ ሰው ነኝ። ይህን ጥሪ በቀን ስንት ጊዜ እሰማዋለሁ። ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ወንድሜ፤ ልንገርሽ፣ እህቴ፤ ያ ስም ጌታችን የተሰቀለበት ስፍራ ስም መሆኑ ትዝ የሚለኝ በዓመት አንዴ፣ በስቅለት ሰሞን ነው። በሌላው ቀን ቀራንዮ ማለት ለእኔ ሰፈር ነው፤ ወረፋ ነው፤ ጭቃ ነው፤ የታክሲ ሂሳብ ነው።

ዛሬ የምነግራችሁ ከዚያ ሰፈር በሞተር ሳይክል ተነሥቼ ብቻዬን ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ድረስ የሄድኩበትን ታሪክ ነው። ለመዝናናት የሄድኩ እንዳይመስላችሁ። ተቀይሜ ነው የሄድኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጸሎት ቤታችን የግንባታ ኮሚቴ ውስጥ አገለግል ነበር። ከአንድ ወንድም ጋር አሥራ አንድ ዓመት አብረን አገልግለናል፤ አብረን ጾመናል፤ ልጁ ሲወለድ አራስ ቤት የገባሁ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። አንድ ሐሙስ ማታ ይኸው ወንድም በሰው ፊት «የአሸዋው 18,000 ብር ደረሰኝ የታለ?» ብሎ ጠየቀኝ። በቃ። ጥያቄው ይህ ብቻ ነበር። እኔ ግን «ሌባ ነህ» እንዳለኝ አድርጌ ሰማሁት። ተነሣሁ፤ በሩን ዘጋሁት፤ ቀስ አድርጌም አልዘጋሁትም። ከዚያ በኋላ ሰባት ወር ሙሉ ጉባኤ አልሄድኩም። ባለቤቴ ስትጠይቀኝ «እኔ የምፈልገው ጌታን ነው፤ ሰው ምን ያደርግልኛል?» እላት ነበር። መንፈሳዊ ይመስላል፣ አይደል? ብዙዎቻችን ይህችን ቃል እናውቃታለን። ስንቀየም ቅዱስ እንሆናለን።

ሞተሬ ለዕቃ ማድረሻ ፈቃድ ያላት ናት። በ2011 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ፈቃድ ሞተር መንዳት ሲከለከል፣ ፈቃዷን ለማውጣት ስንት ቀን እንደተመላለስኩ እኔና ጌታ እናውቃለን። በሥራ ቀን ከኋላዬ ሣጥን እጭናለሁ እንጂ ሰው አልጭንም። በኅዳር ወር አንድ ማለዳ ሣጥኑን ፈታሁና በምትኩ ብርድ ልብስ፣ መጽሐፍ ቅዱስና ጥቂት ኩኪስ አሰርኩ። ለባለቤቴ «ተራራ ላይ ልጸልይ ነው» አልኳት። የትኛው ተራራ እንደሆነ ግን አልነገርኳትም። (ይህን ስሕተት አትድገሙት። ብቻውን መንገድ የሚወጣ ሰው ቢያንስ ወዴት እንደሚሄድ ለአንድ ሰው ተናግሮ ይውጣ።)

በአዳማ፣ በአሰላ፣ በበቆጂ አድርጌ ዶዶላ አደርኩ። የአርሲ የስንዴ ማሳ በኅዳር እንዴት እንደሚያምር ላየ ሰው መንገር ድካም ነው። ብቻውን ሞተር የሚነዳ ሰው የሚሰማውን ነፃነት አልክድም። የሚያናግርህ የለም፤ የሚጠይቅህ የለም፤ ደረሰኝ የሚልህ የለም። ራስ ቁሬ ውስጥ ሆኜ እየዘመርኩ ነበር የምሄደው። «እንዲህ ነው መኖር» አልኩ።

በማግስቱ ዲንሾ ደረስኩ። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለው እዚያ ነው። ከጽሕፈት ቤቱ አጠገብ ባለው የኮሶና የጽድ ደን ውስጥ የደጋ አጋዘኖች ቆመው አየሁ። ወንዶቹ ጥምዝ ቀንዳቸውን ወደ ኋላ አድርገው፣ ሴቶቹ ጆሯቸውን አቁመው ያዩሃል። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በስተቀር በዓለም የትም በዱር አይገኝም። ከርከሮዎች ደግሞ ከፊት እግራቸው ተንበርክከው ሣር ይግጣሉ። «እነዚህስ ከእኔ ይልቅ ይንበረከካሉ» ብዬ ሳቅኩ፤ ሳቁ ግን እስከ ልቤ አልወረደም።

ከዲንሾ ሮቤ፣ ከሮቤ ጎባ። ጎባ ምሳ በላሁና ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ወደ ሰነቴ አቀናሁ። የሻይ ቤቱ ባለቤት «በዚህ ሰዓት? ነገ ጠዋት ብትሄድ አይሻልም?» ብላኝ ነበር። አልሰማኋትም። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚሄደው መንገድ ፓርኩን ሰንጥቆ የሚያልፍ የሕዝብ መንገድ ነው። መጀመሪያ ደን ታልፋለህ፤ ከዚያ አስታ፤ ከዚያ ዛፍ የሚባል ነገር ያልቅና በሰነቴ አምባ ላይ ሣር፣ ድንጋይ፣ ትንንሽ ሐይቅና እንደ ምሰሶ የቆመ ጅብራ ብቻ ይቀራል። አምባው 4,000 ሜትር ገደማ ነው፤ በላዩ ያለው ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ይደርሳል። እዚያ አየሩ ሳስቷል። የእኔዋ ሞተር ካርቡራቶር ያላት ናት፤ ቀራንዮ ዳገት ላይ የምትሮጠዋ እዚያ በሁለተኛ ማርሽ ማሳል ጀመረች። የሞተር ጉልበት እንዲህ በከፍታ የሚከዳ ከሆነ የሰው ጉልበትስ?

ጣቶቼ ደንዝዘዋል። መንገዱ ጠጠር ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ ቀይ ነገር ከግራ በኩል ብቅ አለና መንገዱን አቋረጠ። ሳላስብ የፊት ፍሬን ያዝኩ። ሞተር የሚነዳ ሰው ያውቀዋል፤ ጠጠር ላይ የፊት ፍሬን ከያዝክ አለቀ። ሞተሯ ወደቀች፤ እኔም ወደቅኩ፤ ቀኝ እግሬ ከሥሯ ቀረ።

ከመቶ ኪሎ በላይ የምትመዝን ሞተር ናት። ቀራንዮ ብትወድቅ ኖሮ ሳልጠራ ሦስት ሰው ይደርሳል፤ አንዱ ያነሣል፣ አንዱ ይገላምጣል፣ አንዱ ይመክራል። እዚያ ማንም የለም። ለመግፋት ሞከርኩ፤ ቁርጭምጭሚቴ ጮኸ። ስልኬን አወጣሁ፤ ኔትወርክ የለም። ነፋሱ ብቻ ነው የሚሰማው።

ቀና ስል ያ ቀይ ነገር አልሄደም። ቀይ ቀበሮ ነው። ጉሮሮውና ደረቱ ነጭ፣ የጅራቱ ጫፍ ጥቁር፣ እግሮቹ ረጃጅም። ከእኔ ስድሳ እርምጃ ያህል ርቆ የፍልፈል ጉድጓድ ላይ ቆሟል። ጆሮውን ወደ ፊት አድርጎ፣ አንድ እግሩን አንሥቶ፣ እንደ ድንጋይ ደርቆ ይጠብቃል። ብቻውን ነው። «አየህ» አልኩ ለራሴ፣ በዚያ ሁኔታ ላይ ሆኜ እንኳ፣ «እሱም ብቻውን ነው። ማንንም አይፈልግም።» ድንገት ተወርውሮ ፍልፈሏን ያዛት፤ ዋጣት፤ ሄደ። ወደ እኔ ዞር ብሎም አላየ።

ግማሽ ሰዓት ያህል ከታገልኩ በኋላ እግሬን አወጣሁ፤ መቆም ግን አልቻልኩም። ፀሐይ ማዘቅዘቅ ጀመረች። በበጋ ወራት በሰነቴ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ብርድ ልብሴ ደግሞ የአዲስ አበባ ብርድ ልብስ ነው። ያኔ ጸለይኩ። ሰባት ወር ሙሉ «ጌታ ብቻ ይበቃኛል» ስል የነበርኩት ሰው ምን ብዬ እንደጸለይኩ ልንገራችሁ? «ጌታ ሆይ፣ ሰው ላክልኝ» አልኩ። ሌላ ቃል አልወጣኝም። ሰው ሸሽቼ ወደ እግዚአብሔር ሄድኩ፤ እግዚአብሔርን የለመንኩት ግን ሰው ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን አንድ ሽማግሌ በፈረስ መጡ። ራሳቸውን በፎጣ ጠምጥመዋል፤ ከትከሻቸው እስከ ኮርቻው የሚወርድ ወፍራም ብርድ ልብስ ደርበዋል። አዩኝ፤ ወረዱ። በኦሮምኛ «ቆፋ ኬ ዱፍቴ?» አሉኝ፤ ብቻህን ነው የመጣኸው? ማለታቸው ነው። ያቺን ቋንቋ ጥቂት እሰማለሁ፤ ጥያቄዋ ግን ከብርዱ በላይ ገባችኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። ሌላ አልጠየቁኝም። ብርድ ልብሳቸውን አውልቀው አለበሱኝና ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ፈረሳቸውን አቆሙልኝ። የጸሎት ሰዓታቸው ሲደርስ ጥቂት ፈቀቅ ብለው ሰገዱና ተመልሰው አጠገቤ ተቀመጡ። በእምነት አንድ አይደለንም። ጌታ የቆሰለውን ሰው ታሪክ ሲነግረን የረዳውን ሰው ከየት ወገን አድርጎ እንደተናገረ ታስታውሳላችሁ፤ እኔ ያን ማታ ታሪኩን ከወደቀው ሰው ወገን ሆኜ ሰማሁት።

እንደተቀመጥን ከወዲያኛው ጉብታ ላይ ድምፅ መጣ፤ እንደ ጩኸትም እንደ ለቅሶም ነገር። ሽማግሌው በጣታቸው አመለከቱኝ። «ጄዳላ ፈርዳ» አሉ፤ የፈረስ ቀበሮ እንደማለት ነው። ሰዎች እንዲህ የሚሉት ልትወልድ የደረሰች ባዝራን ተከትሎ የእንግዴ ልጇን ስለሚጠብቅ ነው ይባላል። አየሁ። አንድ አይደለም፤ ስድስት ናቸው። ቀን ለየብቻ ተበትነው የዋሉ ቀበሮዎች ከየአቅጣጫው መጥተው ተገናኙ። አፍንጫ ለአፍንጫ ይነካካሉ፤ ጅራት ያወዛውዛሉ፤ ይጯጯኻሉ። እንደ ቅዳሜ ሠርግ! ያ ፍልፈል ሲያድን ያየሁት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ግን ከመካከላቸው አንዱ እሱ እንደሆነ ልቤ ወሰነ።

ከደሎ መና ቡና ጭኖ የሚመጣ አይሱዙ እስኪያልፍ አብረውኝ ቆዩ። ሹፌሩና ረዳቱ ሞተሯን ከጆንያው ላይ ጫኑ፤ እኔን ጋቢና አስገቡኝ። ሹፌሩ የመጀመሪያ ጥያቄው ምን ሆነ? «ብቻህን ነው እንዴ?» ብርድ ልብሱን ልመልስ ስል ሽማግሌው በእጃቸው ከለከሉኝ። እስከ ዛሬ ቤቴ አለ።

ጎባ ክሊኒክ ሦስት ቀን ቆየሁ። አጥንቴ አልተሰበረም፤ ጅማቴ ነው የተጎዳው። አጠገቤ ከተኛው ታማሚ አጎት ጋር ተዋወቅን። በፈረስ እየዞሩ ቀበሮዎቹን ሲቆጥሩና ሲከታተሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ያየሁትን ስነግራቸው ዓይናቸው በራ። «ልጄ፣ እነሱ እኮ ብቻቸውን ያድናሉ እንጂ ብቻቸውን አይኖሩም» አሉኝ። አዳናቸው አይጥና ፍልፈል ስለሆነ ለአንድ አፍ ነው የሚበቃው፤ ስለዚህ ቀን ለየራሳቸው ይሠማራሉ። ጠዋትና ማታ ግን ተሰብስበው ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ ድንበራቸውን በአንድነት ይዞራሉ፤ ሌሊት ሜዳ ላይ ተጠጋግተው ይተኛሉ። ከመንጋው የምትወልደው ባብዛኛው አንዲት እናት ናት፤ ግልገሎቹን ግን ሁሉም ነው የሚመግባቸው። የበሉትን ተሸክመው መጥተው ከጉድጓዱ አፍ ላይ ይተፉላቸዋል። አንዳንዴ ያልወለደች ሴት ቀበሮ የእኅቷን ልጆች ታጠባለች። እኚህ ሰው ይህን ሲነግሩኝ አምላኬ፣ እኔ ያልወለድኩትን ማን ልመግብ? የሰባት ወር የእሑድ ትምህርት ቤት ልጆቼ ፊት በዓይኔ ላይ መጣ።

አንዳንድ ሰው አሁን በልቡ እንዲህ ይለኛል፦ «ኅብረት፣ ኅብረት ትላለህ፤ እኔን ያቆሰለኝ ያው ኅብረት አይደለም ወይ?» እውነት ነው። ይህን ጥያቄ አላልፈውም። እኚያ ሰውም አላለፉትም። በዓለም ላይ ያሉት ቀይ ቀበሮዎች ሁሉ ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው። እነሱን ከሚጨርሷቸው ነገሮች ዋነኛው የውሻ በሽታ ነው፤ ሰው ይዞት ከሚወጣው ውሻ የሚተላለፍ። በ1995 እና በ1996 ዓ.ም. አካባቢ ዌብ ሸለቆ ውስጥ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ በተጠቁት መንጎች ውስጥ ከነበሩት አብዛኞቹ አለቁ። ለምን ቶሎ ተዛመተ? አፍንጫ ለአፍንጫ ስለሚነካኩ፣ ተጠጋግተው ስለሚተኙ። የሚያሞቃቸው ነገር ነው ያስተላለፈባቸው። እኔም እላለሁ፦ ሐሜት በቤተ ክርስቲያን ቶሎ የሚሄደው ስለምንቀራረብ ነው።

ታዲያ ምን ተደረገ? ቀበሮዎቹን «ተበታተኑ፤ ለየብቻችሁ ኑሩ» ያለ የለም። ቢባሉም አይኖሩም፤ ያለ መንጋ ግልገል አያድግም። ባለሙያዎች በሽታው ወደ ሌሎቹ መንጎች በሚሻገርባቸው መተላለፊያዎች ያሉትን ቀበሮዎች እየያዙ ከተቡ፤ በአካባቢው ያሉትንም ውሾች ይከትባሉ። የሚታከመው በሽታው ነው። እኔ ግን ሰባት ወር ሙሉ ሳክም የኖርኩት ኅብረቱን ነበር፤ ቆርጬ በመጣል።

ስለ ብቸኝነት ክፉ እያወራሁ አይደለም። ጌታችን ራሱ ለጸሎት ብቻውን ወደ ተራራ ይወጣ ነበር። ይወርድም ነበር። ሲወርድ ደግሞ የሚጠብቁት ያው የሚጨቃጨቁ ደቀ መዛሙርት ናቸው።

እንግዲህ ወደ ሰፈራችን ስም ልመልሳችሁ። አድኖ መብላትም ሰውን ማዳንም በፊደላችን «ያድናል» ተብሎ ነው የሚጻፈው። ብቻውን የሚያድነን አንድ ነው፤ ያን ሥራ ማንም አላገዘውም፤ ለዚህ አሜን በሉ። ነገር ግን ወደ ቀራንዮ በሚወስደው መንገድ ላይ እንጨቱ ምን ሆነ? ከገጠር እየመጣ የነበረ መንገደኛ፣ የቀሬናው ስምዖን፣ ተይዞ መስቀሉን ተሸከመ። ማርቆስ የልጆቹን ስም ሳይቀር ጽፎልናል። ሰማይና ምድርን የፈጠረው ጌታ ትከሻው ላይ ያለውን እንጨት ሌላ ሰው ሲሸከምለት አልተቃወመም። «እኔ ራሴ እወጣዋለሁ፤ ሰው ምን ያደርግልኛል?» አላለም። እኔ ማን ነኝና?

ጎባ ስልኬ ሲሠራ መጀመሪያ ለባለቤቴ ደወልኩ። አለቀሰች፤ ከዚያ ተቆጣች፤ ሁለቱም ይገባኛል። ሞተሯን ማን ያመጣታል? ፒክ አፕ ያለው የማውቀው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ያ የደረሰኙ ወንድም። ቁጥሩን ሰርዤው ነበር፤ ጣቴ ግን አልረሳውም። «ሃሎ» አለ። ድምፄን ሲሰማ ዝም አለ። የት እንዳለሁ ነገርኩት። «ቁርጭምጭሚትህ አብጧል? በረዶ አድርገህበታል?» አለኝ። በማግስቱ ከሰዓት ጎባ ነበር፤ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቶ። ባለቤቴ የላከችውን ጋቢ ወረወረልኝና «ቁልፉን ስጠኝ» ብሎ ሞተሯን ሊያስጭን ሄደ።

እስከ አሰላ ብዙ አልተነጋገርንም። አሰላ ሻይ ስንጠጣ ነገርኩት። «ደረሰኝ የለኝም። ገንዘቡን ለአሸዋው ከፍያለሁ፤ ደረሰኝ ግን አልተቀበልኩም። ተዘናጋሁ፤ ከዚያ ለማመን አፈርኩ።» ብርጭቆውን አስቀመጠና አየኝ። «ይህን ያን ማታ ብትለን ኖሮ እኮ አምስት ደቂቃ ነበር» አለኝ።

አምስት ደቂቃ! ሰባት ወር ከዚያች ላይ ነው የቆመው።

በሚቀጥለው ሐሙስ በሁሉም ፊት ተናገርኩ። ቀላል አልነበረም። አንዳንዱ አቀፈኝ፤ አንዱ ደግሞ እስከ ዛሬ ሂሳብ በተነሣ ቁጥር ያየኛል። ገንዘቡን በየወሩ እየከፈልኩ ጨርሻለሁ፤ ማንም አላስገደደኝም። የግንባታ ኮሚቴው ውስጥ አልተመለስኩም፤ ልጆቹ ጋ ግን ተመልሻለሁ።

የቤት ኅብረታችን ዛሬም ሐሙስ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ባለፈው ሳምንት ሁለት ወንበር ባዶ ነበር። የአንደኛውን ባለቤት እናውቃለን፤ ለምን እንደቀረም እናውቃለን። እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሄድን። በሞተሬ ነው የሄድነው፤ ሣጥኑን ፈትቼ ከኋላዬ ያን ወንድሜን ጭኜ። ከቀራንዮ በላይ ያለው ዳገት ላይ ትከሻዬን ጨምድዶ ይዞ «ቀስ በል! ቀስ በል እንጂ!» ይለኝ ነበር።